ባለ ቀስት ቮልት መለኪያዬ እና የአሮጌዋ መኪና ዲናሞ

ባለ 6 ቮልቷ አሮጌዋ መኪናዬ የቻርጅ መብራቷ አልጠፋ ሲል ሁለት ሰዎች «ዲናሞው ሞቷል፣ ቀይረው» አሉኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ይህችን መለኪያ ገዝቼ ራሴ ሞከርኩ።

ቺንጊያው ደህና ነው። ወደ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት ወደሚቆጣጠረው ዕቃ) የሚሄዱትን ሽቦዎች ከዲናሞው ነቀልኩ፤ «ዲኤፍ» የሚለውን ጫፍ (የዲናሞው መግነጢስ ጥቅልል ጫፍ ነው) ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝቼ መለኪያዋን «ዲ ፕላስ» ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሚወጣበት ጫፍ ላይ፣ አደረግኩ። ሞተሩን ያስነሳሁት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከቆየ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ቀስቷ ከፍ ትልና እየተርገፈገፈች ትወርዳለች። በዲጂታሉ ቢሆን ቁጥሩ ዝም ብሎ ይዘባረቅብኝ ነበር፤ የእሷ መርገፍገፍ ግን ካርቦኑ (የሚሽከረከረውን ክፍል እየነካ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው) በደንብ እንደማይነካ ጠቆመኝ። ስፈታው አንዱ ካርቦን አልቆ ማቀፊያው ውስጥ ተቀርቅሯል። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ ካርቦኖቹ የሚነኩትን የመዳብ ክፍል፣ ኮሌክተሩን፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ መብራቱ ጠፋ።

ገመዷ ማጠሩ ብቻ ቅር ብሎኛል፤ ቀስቷን ለማየት ከሚሽከረከረው ቺንጊያ አጠገብ ማጎንበስ ግድ ነው።