ለአብደራፊ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪና የነርስ ባለሙያዎች ምስጋና፣ እግረ መንገዱንም ለቆላ ወራጁ ጥቆማ

ሐምሌና ነሐሴ ለሰሊጥ አረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ ከደጋ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወባንና ካላዛርን (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን በሽታ) ያውቃቸዋል። እባብ ሲነድፈው ግን የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ኤም ኤስ ኤፍ (ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን) ለዓመታት አብሮት ሲሠራ የቆየው የአብደራፊ ጤና ጣቢያ በዚህ ሕክምና የካበተ ልምድ አለው። ሐኪሞቹም ነርሶቹም ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኛ ግን ማንም የማያነሳቸውን የላብራቶሪ ባለሙያዎች እናስቀድማለን።

ያለ ምክንያት አይደለም። እባብ የነደፈው ሁሉ መርዝ ገብቶበታል ማለት አይደለም፤ ፀረ መርዙ ደግሞ ውድ ነው፣ የራሱም አደጋ አለው። ለማን ይሰጥ የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የ20 ደቂቃ የደም መርጋት ምርመራ ነው። 2 ሚሊ ሊትር ደም ከደም ሥር ይቀዳል፤ አዲስ፣ ንጹሕና ደረቅ በሆነ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል፤ 20 ደቂቃ ሙሉ ማንም አይነካውም። ከዚያ አንዴ ብቻ ዘንበል ይደረጋል። ከረጋ መልካም። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ግን የእፉኝት መርዝ ደም የሚያረጋውን ፋይብሪኖጅን ጨርሶታል ማለት ነው።

ቀላል ይመስላል፣ ግን በቀላሉ ይበላሻል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ የጤነኛ ሰው ደም እንኳ ላይረጋ ይችላል። 15ኛው ደቂቃ ላይ «እስቲ ልየው» ብሎ የሚነቀንቅ እጅም ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የጤነኛ ሰው ደም በተመሳሳይ ቱቦ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ እሱም ካልረጋ ጥፋቱ የቱቦው ነው። ፀረ መርዝ ከተሰጠ በኋላ ምርመራው በ6ኛው ሰዓት ይደገማል፣ ጉበት ፋይብሪኖጅኑን የሚተካው በዚያን ያህል ጊዜ ነውና። አሁንም ካልረጋ መድኃኒቱ ይጨመራል።

ነርሶቹ ደግሞ ፀረ መርዙን ከመጀመራቸው በፊት አድሬናሊን በሲሪንጅ ቀድተው ያዘጋጃሉ። ፀረ መርዙ ከእንስሳ፣ ብዙ ጊዜ ከፈረስ ደም ስለሚሠራ ሰውነት ድንገት ሊቆጣ ይችላል። ያኔ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ጭን ጡንቻ ላይ ይወጋል። ያበጠውን ዳርቻ በእስክሪብቶ አስምረው ሰዓቱን አጠገቡ የሚጽፉትም እብጠቱ መውጣት መቆሙን ለመለየት ነው። ኮብራ ከሆነ የደሙ ምርመራ ደህና ሊመስል ይችላል፤ የሚታዩት የዐይን ቆብ መውደቅ፣ ምራቅ መዋጥ ማቃትና የትንፋሽ መድከም ናቸው። በየሰዓቱ «ዐይንህን ክፈት» እያሉ የሚጨቀጭቁት ለዚህ ነው፤ አትቆጧቸው።

አሁን ወደ ጥቆማው። ቀለበት፣ አምባርና ጫማ ቶሎ ይውለቅ። እግሩ ወይም እጁ በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ሕመምተኛው በእግሩ አይሂድ፤ ትራክተርም ቢሆን የተገኘው ይጫነው። አጥብቆ ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። (ምላጭ ይዞ የመጣውን ጢምህን ላጭበት በሉት።) ታስሮ ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ድንገት አትፍቱት፤ ጤና ጣቢያው ተዘጋጅቶ ይፍታው። እባቡን ለመግደል አትሩጡ። የተቆረጠ ራስ እንኳ ሊነድፍ ይችላል፤ ከሩቅ በስልክ የተነሳ ፎቶ ይበቃል።

ለሕመም ዳይክሎፌናክ መርፌ የሚሰጥ ክሊኒክ ከገጠማችሁ እንቢ በሉ። ደሙ የማይረጋ ሰው ጡንቻ ላይ ሲወጋ ውስጡ ይደማል፣ መድኃኒቱም ራሱ መድማትን ያባብሳል። ፓራሲታሞል ይሻላል። የቴታነስ ክትባትም ቢሆን ደሙ መርጋት እስኪጀምር ይቆያል። ሕመምተኛው ደህና ቢመስልም 24 ሰዓት ሳይሞላው ይዛችሁት አትውጡ።

ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ «መጠኑ አልበዛም ወይ?» ብላችሁ አትጨነቁ። እባቡ ለልጅ ብሎ መርዙን ስለማይቀንስ ፀረ መርዙ ከአዋቂው እኩል ነው፤ በኪሎ የሚሰላው አድሬናሊኑ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ፀረ መርዙ መኖሩን ጠይቁ፣ ክምችቱ አንዳንዴ ያልቃል። ከግል ፋርማሲ ግዙ ከተባላችሁ ወረቀቱ ላይ የተጻፉትን የእባብ ስሞች ባለሙያ ይይላችሁ። ለሕንድ እባቦች የተሠራውን ለእኛ አገር እፉኝት አትመኑት።