«ዘ ዊክድ ኪንግ»፦ ዙፋን ከተያዘ በኋላ ያለው ጣጣ

ስለ መጀመሪያው መጽሐፍ እዚህ ደሴ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ስለ ሁለተኛው ግን ክርክር የለኝም፣ ይበልጣል። የሆሊ ብላክ «ዘ ዊክድ ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ የ«ዘ ክሩዌል ፕሪንስ» ተከታይ ነው። ብዙ ተከታታይ ልቦለድ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል። ይሄኛው ያልተልፈሰፈሰው ጥያቄውን ስለቀየረ ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጁድ ሥልጣን እንዴት ታገኛለች ነበር። አሁን አግኝታዋለች፤ ይዛው መቆየት ነው ጭንቁ።

የመጀመሪያውን ያላነበባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ጁድ ሰው ናት፣ ያደገችው ግን ኤልፍሄም በሚባል የፌሪዎች (ሰው የሚመስሉ የተረት አስማተኛ ፍጡራን) አገር ነው፣ ያሳደጋትም ወላጆቿን የገደለው ማዶክ የሚባል የጦር አዛዥ ነው። ትንሹ ወንድሟ ኦክ ዙፋኑ ይገባዋል፣ ገና ልጅ ስለሆነ ግን ሰዎች ዓለም ውስጥ ተደብቋል። እሱ እስኪያድግ ድረስ ጁድ ልዑሉን ካርዳንን አነገሠችው፤ ካርዳን ደግሞ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሊታዘዛት ቃል ገብቷል። ዘውዱ የሱ፣ ትእዛዙ የሷ። ቃሉ የሚያበቃበት ቀን እየቀረበ ነው።

ልጅ የሆነ ወራሽ፣ በሱ ፈንታ የሚያስተዳድር ሰው፣ ጦር ያለው አባት፣ በየጓዳው የሚዶልቱ መኳንንት። ወሎ ላደገ ሰው ይሄ ሩቅ አይደለም። ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሲባሉ ገና ልጅ ነበሩ፣ እንደራሴያቸው ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ። መስከረም 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አወረዷቸው፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው ዘመቱ፣ በወሩ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። አይጠየፍ አዳራሽን እያየሁ፣ ይህን ታሪክ ከትልልቅ ሰዎች እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ጁድ ግብዣ ላይ ቆማ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ ማን ማንን እንደሸሸ ስታይ፣ ሌላው አንባቢ ሊሰለቸው የሚችለውን ገጽ እኔ ሁለቴ አነበብኩት።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ንግግራቸውን ነው። ፌሪዎቹ መዋሸት አይችሉም። ስለዚህ እውነቱን ብቻ እየተናገሩ ያታልላሉ፣ ልክ ሰምና ወርቅ እንደለመደ ሰው። አንድ ነገር ሲሉ ሰሙን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አለቀላችሁ። ጁድ ሰው ስለሆነች ትዋሻለች፣ ትልቁ መሣሪያዋም እሱ ነው። ብረት ያቃጥላቸዋል፣ ጨው አስማታቸውን ያከሽፋል። ከአራስ ትራስ ሥር ቢላ ሲደረግ ላየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

መሃል ላይ የባሕር ሥር መንግሥት ይመጣል። ዝርዝሩን አልነግራችሁም፣ ግን ጁድ አስማት የያዛት መስላ ፊቷን ሳታንቀሳቅስ የምትቆይበት ክፍል አለ። እየራባት፣ እየበረዳት፣ የሚጠሏት ሰዎች ዓይን ውስጥ እያየች «እሺ» ትላለች። ጎራዴ የለ፣ ፍልሚያ የለ፣ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው ያነበብኩት። ወላሂ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጣል።

ፍቅሩስ? አለ፣ ግን በቁንጥር ነው የሚሰጣችሁ። ካርዳንና ጁድ ይጠላላሉ፣ ይፈላለጋሉ፣ ሁለቱም አንዱ በሌላው ፊት ደካማ ሆኖ መታየት ያስፈራቸዋል። አንዱ ቃል የሌላውን ሥልጣን ሊያፈርስ ስለሚችል ፍቅሩና ሤራው ሊነጣጠሉ አይችሉም፣ ጥሩነቱም እዚህ ላይ ነው። አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። ካርዳን በመጀመሪያው መጽሐፍ ልጅቷን ሲያሰቃያት የነበረ ሰው ነው። ደራሲዋ ይህን አልረሳችም፣ ጁድም አልረሳችም። ቢሆንም የሚያንገላታ ወንድ ውስጡ ይወዳታል ማለት ነው ብላ የምታምን የአስራ አራት ዓመት ልጅ ቤታችሁ ካለች፣ አብራችሁ አንብቡትና አውሩበት። እህቶቼ ሲያነቡት እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ሌላው ቅሬታዬ ታሪን ናት፣ የጁድ መንትያ። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ በደንብ እንድንረዳት ቦታ አልተሰጣትም፣ እኔ ደግሞ ከማዶክ ይልቅ የሷን ልብ ማወቅ ነበር የፈለግኩት። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎችም ስም ያበዛሉ፤ የመጀመሪያውን ካነበባችሁ ከቆያችሁ ትንሽ ትደናገራላችሁ።

መጨረሻው ጉድ ነው። ማንም እንዳይነግራችሁ፣ የመጨረሻውንም ገጽ ገልጣችሁ እንዳታዩ። ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው የጨረስኩት፣ ሀረጎን ስንወጣ «እንዴ!» ብዬ ጮኼ ጎኔ የነበሩት እናት ደንግጠው «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ደግነቱ ሦስተኛው «ዘ ኩዊን ኦፍ ናቲንግ» በዚያው ዓመት ስለወጣ እናንተ መጠበቅ የለባችሁም።

እንግሊዝኛው የሚያስፈራችሁ ካላችሁ አብሽሩ። ጁድ ራሷ ናት የምትተርከው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ገጹም ከ300 ብዙ አያልፍም። አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍል ያላችሁ በደንብ ትወጡታላችሁ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሩ ግን፣ ይሄኛውን ብቻ ማንበብ አያስኬድም።