«የሚወልቅ ጥርስ በ24 ሰዓት» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ፣ እናቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ

ወገኖች ይሄን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «የሚወልቅ ጥርስ በ24 ሰዓት፣ ቤት ድረስ እንመጣለን» እያለ የሚዞረው። እኔ አምኜ ለእናቴ አሰርቼላት 16 ሺህ ብር ከፍለን አምስት ወር ሙሉ አፏ ቆስሎ ከረመች፣ የሌላ ሰው እናት ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። የላይኛው ጥርሷ ተራ በተራ አልቆ የቀሩትን አራቱን ክሊኒክ አስነቀልናት፣ ከዛ ሶስት ሳምንት ሳይሞላ ማስታወቂያውን የሚለቀው ልጅ ቦርሳውን ይዞ ቤት መጣ፣ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች ልክ ወሰደና በማግስቱ ጥርሱን አመጣው። በቃ። በመሃል ሙከራ የለ፣ ስትነክስ ይገጥማል አይገጥምም ብሎ ያየ የለ። ሳጥኑን ስንከፍተው ጥፍር ቤት ስትገቡ የሚመታችሁ አይነት ሽታ ነበረው፣ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቃል» አለን።

የባሰው ግን አያያዙን ያስተማራት ነገር ነው። «እማማ ማታም እንዳያወልቁት ድድዎ እንዲለምደው፣ ጠዋት በጥርስ ሳሙና ፈትገው ይጠቡት፣ በሳምንት አንዴ ደሞ የፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩት ጀርሙን ይገለዋል» አላት። እማዬ ደሞ የታዘዘችውን ዝንፍ አታደርግም፣ ሁሉንም አደረገች። ወር ሳይሞላ መላላት ጀመረ፣ ስንደውልለት ማጣበቂያ ሸጠልን፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ ሸጠልን፣ ጥርሱን አምጡት ላስተካክለው ግን አንድ ቀን አላለም።

ቡና ላይ ቆሎ ሲዞር አትመልስም፣ እፍኝ ተቀብላ መዳፏ ውስጥ ይዛ ትቆይና ማንም አላየኝም ስትል ለልጄ ታቀብለዋለች። ስታወራም በነጠላዋ አፏን መከለል ጀምራ ነበር። እኔ ይሄን እያየሁ «ገና አልለመደችውም» ስል ከረምኩ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

በመጨረሻ ትክክለኛ የጥርስ ሀኪም ጋ ወሰድኳት። ሀኪሟ ጥርሱን አውልቃ አፏን በባትሪ ስታሳየኝ ላንቃዋ ቀልቷል፣ ቅላቱ ልክ በጥርሱ ቅርጽ ነው፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ፈንገስ ነው አለችኝ፣ ማታ ሳይወልቅ ሲታደር የሚመጣ። አዲስ ልክ ወስዳ በጀሶ ያወጣችው ሞዴል ላይ ልጁ የሰራውን ጥርስ ስታስቀምጠው በመሃላቸው ባለው ክፍተት ብርሃን ያሳልፋል። ለምን ስላት፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድዱና አጥንቱ ለወራት ይሟሽሻል፣ ቶሎ የሚገባ ጥርስ ራሱ አለ ግን ድዱ ሲቀንስ ውስጡ እንደገና መሞላት አለበት፣ የፈላው ውሃ ደሞ ፕላስቲኩን አጣሞታል አለች። ሽታውን ስነግራት እዛው በዱቄትና በፈሳሽ ተቦክቶ የሚደርቀው አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም አለች፣ ብዙ ጊዜ ለጥገና የሚጠቀሙበት ነው፣ ሙሉ ጥርስ ሲሆን በሙቀት የሚበስለው ይሻላል፣ ያኛው ውስጡ የሚቀረው ኬሚካል ድድ ሊያስቆጣ ይችላል። ማጣበቂያውንም አስጣለቻት፣ ዚንክ ያለበት ከሆነና ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተጠቀሙበት ነርቭ ድረስ ይጎዳል።

በትክክል ሲሰራ ብዙ ቀጠሮ አለው እኮ። ልክ ይወሰዳል፣ አነካከስ ይለካል፣ ከዛ ጥርሱ ሰም ላይ ተደርድሮ አፍ ውስጥ ይሞከራል፣ ካለቀ በኋላም በቀናት ውስጥ ተመልሳችሁ የሚወጋው ቦታ ይሞረዳል። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት «በሰም ትሞክሩልኛላችሁ ወይ፣ ማስተካከያው ዋጋው ውስጥ አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈቃድ እዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። እኛ ደረሰኝ የለን፣ ብሩ የተላከው በግለሰብ አካውንት ነው፣ ይመለስልን ስንል ብሎክ አደረገን።

የሚወልቅ ጥርስ ያላችሁ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ፣ ማታ ይውለቅ፣ ውሃ ውስጥ ይደር፣ ከደረቀ ቅርጹ ይበላሻል። ውሃው ቀዝቃዛ ወይ ለብ ያለ ብቻ። በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት ይጫጭረዋል፣ ቆሻሻም ጭረቱ ውስጥ ይገባል፣ እማዬ አሁን ለስላሳ ብሩሽ ላይ ላርጎ ጠብ አድርጋ ነው የምታጥበው፣ ከስር ሳፋ ውስጥ ውሃ ታስቀምጣለች ቢያመልጣት እንኳን እንዳይሰበር። ድዷንና ምላሷንም ትቦርሻለች። ከበላች በኋላ አውልቃ ታለቀልቀዋለች፣ በርበሬና ፍርፋሪ ስር ሲገባ ያቃጥላል።

አዲሱ ከተሰራላት ሁለት ወር ሆነው፣ ሁለቴ ተመልሳ ተሞርዶላታል። ልጁ ግን አሁንም ስራ ላይ ነው፣ ትላንት ቻናሉን በሌላ ስም አየሁት፣ ፎቶዎቹ ያው ናቸው፣ ስሙና ስልኩ ብቻ ነው የተቀየረው።