ከአዊ የችግኝ ጣቢያ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር?

እዚህ ጣቢያ የገባ ገዢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ረጅሙ ችግኝ ላይ ነው። ቁመት ግን ያሳስታል። መታየት ያለበት ስሩ ነው፤ ቀጥሎም ዛፉ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን።

ዋንዛውና ብሳናው ያለ ሐሳብ ይገዛሉ። ግንዳቸው የጠነከረ ነው፤ ጥላው ተነሥቶላቸው፣ ውሃው እየተቀነሰባቸው ፀሐይ ለምደዋል። ሁለቱም ተቆርጠው ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ።

ጽዱ ዘንድሮ ይቅር። ፕላስቲኩ ሲቀደድ ስሩ ከረጢቱ ግርጌ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ይታያል። ከረጢቱን መደቡ ላይ በየጊዜው እያነሡ ከታች የወጣውን ስር ባለመቁረጣቸው የመጣ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለው ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ ይከርምና በበጋ ይሞታል፤ ስሩ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች መውረድ አይችልማ!

በብዛት የሚሸጠው ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት፣ ዲከረንስ ነው። ችግኙ ንጹሕ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ለከሰል ይደርሳል። ከጉቶው ግን እምብዛም ስለማያቆጠቁጥ በተቆረጠ ቁጥር ሌላ ችግኝ ይገዛል። ማሳው በሙሉ አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ስለሆነ በሽታ ሲገባም ይዛመታል፤ ፈንገስ የሚያመጣው የዝገት በሽታ የአዊን ገበሬ ክፉኛ ጎድቷል። ከብት የማይገባበትን የቤተ ክርስቲያን ደን እዩት፦ አሮጌው ዛፍ በየተራ ይወድቃል፣ በተከፈተው ብርሃን ከሥሩ ሲጠብቅ የነበረው ቡቃያ ይነሣል። ስለዚህ ዲከረንስ የሚተክል ሰው ቢያንስ ዳር ዳሩን ዋንዛና ብሳና ቢቀላቅል ይሻለዋል።

አጫጫኑ ያሳዝናል። ችግኙን አንዱን በሌላው ላይ ይከምሩታል፤ አፈሩ ከስሩ ይላቀቃል። ሳጥን ይዞ ሄዶ አቁሞ መደርደር ያዋጣል።

40 በ40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ከክረምቱ አንድ ወር በፊት ይቆፈር፤ የላይኛው አፈር ለብቻው ይቀመጥና መጀመሪያ እሱ ይመለስ። መሬቱ በደንብ ሲርስ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይተከል፤ ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የጸደቀው የሚቆጠረው ሚያዝያ ላይ ነው፤ መስከረም ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ጣቢያው የሞተውን አይተካም፤ ከመቶው 10 ያህል ጨምሮ መግዛት ያስፈልጋል።