«ወተቱን አስቀምጠው» ላሉኝ እናት

የዱር እንስሳት ግልገሎችን ለሚያሳድጉ አንዲት እናት ይህን ምስጋና ለመጻፍ ወራት ያመነታሁት ከራሴ ጥፋት ስለሚጀምር ነው። ግቢያችን ጥግ የነበረውን ደረቅ ዛፍ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቤት ላይ ይወድቃል ብዬ ፈርቼ ነው። ቀና ብሎ ጎጆ አለ ወይ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ግንዱ ሲወድቅ የቅጠልና የጭራሮ ክምር ተበተነ፤ ከመሃሉ ሦስት የሽኮኮ ግልገሎች ወጡ። (ሽኮኮ ስል የድንጋዩን ማለቴ አይደለም፤ ጭራው ጎፈሬ የሆነውን፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለውን ነው።) ሁለቱ ወዲያው ሞቱ። ሦስተኛው ግን አፉን ከፍቶ እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ ያሰማ ነበር። እናትየው መጋዙ ሲጮህ ሸሽታለች።

ዓይኑ ገና አልተገለጠም። ጠጉሩም ቢሆን ጀርባው ላይ እንደ ጥላ ከማረፉ በቀር የለም ማለት ይቻላል። መዳፌን እንኳ አልሞላም።

ከዚያ በኋላ ያለፉትን ሰዓታት ባላስታውስ ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የደወልኩበት የእንስሳት ክሊኒክ ስልኩን ያነሳው ሰው «ምን? ሽኮኮ?» አለና አጠገቡ ላለ ሰው ነገረው፤ ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። «እኛ አይጥ አናክምም ወንድሜ» ብሎ ዘጋው። ሌላ ቦታ ስደውል «ይዘኸው ና» አሉኝ። ሄድኩ፤ ካርድ አወጣሁ፤ ውሻና ድመት ከያዙ ሰዎች ጋር ተሰልፌ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ሐኪሙ የካርቶኑን ክዳን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ «ይሄማ አይተርፍም፤ ከፈለግክ በመርፌ እናሳርፈው» አለኝ። አልነካውም። ጎንበስ እንኳ አላለም። ለዚህም ከፍያለሁ! እንስሳት ያረባል የምለው አንድ ወዳጄ ደግሞ «የላም ወተት በስኳር ስጠው፣ ዳቦም ንከርበት» ብሎ በሙሉ ልብ መከረኝ። ኢንተርኔቱም ከእሱ አይሻልም፤ አንዱ ማር ይላል፣ ሌላው እንቁላል።

ማንንም በስም አልጠራም። ግን ያን ቀን ሆዴን የቆረጠው ከሽኮኮው ይልቅ ያ ሳቅ ነበር።

ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረች አንዲት ልጅ እስከ በር ተከትላኝ መጣችና «እኚህን ሴትዮ ይሞክሩ፤ እንዲህ ያሉትን ያሳድጋሉ» ብላ ቁጥር ሰጠችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት። ይህን ካነበብሽ፣ እህቴ፣ ግማሹ ምስጋና ያንቺ ነው።

ቤት ገብቼ ስደውል መሽቷል። ወተቱን አሙቄያለሁ፣ መርፌው የወለቀለት ትንሽ ስሪንጅ በእጄ ይዣለሁ። ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ አነሱት። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፣ ከየት እንደደወልኩም አልጠየቁኝም።

«ገላው ይሞቃል ወይስ ቀዝቅዟል?»

«ቀዝቅዟል መሰለኝ።»

«በእጅህ ምን ይዘሃል?»

«ወተት።»

«ወተቱን አስቀምጠው።»

እንዴት እንዳሉት ብትሰሙ! አልተቆጡም፤ ግን ያስቀመጥኩት ሳላስበው ነው። «የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ አይሠራም ልጄ። አሁን ብታጠጣው ትገድለዋለህ። ከሞቀ በኋላም የላም ወተት አይሆነውም፤ ተቅማጥ ያመጣበታል። በስስ ጨርቅ ጠቅልለውና ሸሚዝህን ከፍተህ ደረትህ ላይ አድርገው። ስልኩን አትዝጋ።»

አልዘጋሁም። እሳቸውም አልዘጉም። አርባ ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ ተጋድሜ ቆየሁ፤ በስልኩ ውስጥ እሳቸው ዕቃ ሲያጥቡ፣ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይሰማኛል፤ በየመሃሉ «አለህ?» ይሉኛል። የመጀመሪያ ልጄ በሰባት ወሯ ስትወለድ አንዲት ነርስ ሸሚዜን አስወልቃ እንዲሁ ደረቴ ላይ አስተኝታልኝ ነበር። ልጄ አሁን ከእኔ ትረዝማለች። ያቺ ነርስ ትዝ ካለችኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ያን ማታ ግን እጇ ትከሻዬ ላይ ያለ መሰለኝ። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም፤ ብቻ ሆዴ ባባና ያልጠየቁኝን መናገር ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ዛፉን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አሁን ማን ይዞታል?» አሉኝ።

«እኔ።»

«በቃ። እስቲ እግሩን ንካው፤ ሞቋል?»

ሞቆ ነበር። «አይዞህ» አላሉኝም፣ «ተጠንቅቀህ ቢሆን ኖሮ» አላሉኝም። እግሩን አስነኩኝ። ስለዚህች ሴትዮ ሌላ ምንም ባላውቅ ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ ጀርባው ላይ ቆዳውን በስሱ ቆንጥጬ እንድለቀው አዘዙኝ፤ ወዲያው ከተመለሰ ደህና፣ እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ ውሃ አጥሮታል። ቆሞ ቀረ። ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስ ለብ አድርጌ በስሪንጁ ጠብ ጠብ እንዳደርግለት ነገሩኝ፤ ቀና አድርጌ፣ በጀርባው ፈጽሞ ሳላስተኛ፣ ሳንባው እንዳይገባ። በአፍንጫው ከወጣ ወዲያው አቁም አሉ። የፈራሁትን ያህል አልከበደኝም። ስሪንጁን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲመጥ ጣቶቹን ቆጠርኳቸው፤ የእያንዳንዷ ጫፍ ላይ የክር ቁራጭ የምታህል ጥፍር አለች።

ቀጥሎ ያሉኝን ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጥጥ በለብታ ውሃ አርሰህ ከሥር ጥረገው አሉኝ፤ ለካ ዓይኑ ያልተገለጠ ግልገል እናቱ ካልላሰችው ራሱ አይሸናም። ጠረግኩት። ሸና። እኩለ ሌሊት ላይ በሽኮኮ ሽንት እልል ያልኩ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤ ምስክር ነው።

ጠዋት ላመጣልዎት ብላቸው ግን እምቢ አሉኝ። ትንሽም ተናድጄ ነበር። «እናቱ ሞታ አይተሃል? አላየህም። እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ ዕድል እንስጣት፤ እኔ ከማሳድገው እሷ ብታሳድገው ይሻለዋል» አሉ። ክዳን በሌለው ሣጥን አድርጌ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቡ አስቀምጬ፣ ከተቆረጠው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አኑሬ በመስኮት እንድጠብቅ፣ ድመትም እንዳላስቀርብ አዘዙኝ። የሰው እጅ ከሸተተው እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ውሸት ነው አሉኝ፤ ሽኮኮ ልጇን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጎጆ ትወስዳለች፤ ግን የቀን እንስሳ ናትና ማታ ውጭ ማሳደር የለም። ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ። በየሰዓቱ እየደወሉ ጠርሙሱን ያስቀይሩኛል። አልመጣችም። ወደ ማምሻው ላይ ከአጥራችን ውጭ መንገድ ዳር አገኘኋት። መኪና ነው።

ስነግራቸው «አሁን አምጣው» ብቻ አሉ።

ስላሉበት ክፍል ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን ግማሹ አልገባኝም። ለቡችላ የሚሠራ የዱቄት ወተት እንደሚጠቀሙ፣ በሚዛን በግራም እየለኩ በየቀኑ ደብተር ላይ እንደሚጽፉ አይቻለሁ፤ ስንት በስንት እንደሚበጠብጡት እሳቸውን ጠይቁ እንጂ እኔን አትጠይቁኝ። ፈቃድ እንዳላቸው አሳይተውኛል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ በብዙ አገር የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማቆየት ክልክል ነው። ሁለት የእሱ እኩዮች ነበሯቸውና መሃላቸው ከተቱት። ብቻውን ካደገ ሰውን ዘመዱ ያደርጋል፣ ውጭ ሲወጣ የአውሬ ሲሳይ ይሆናል አሉኝ። ለዚሁ ሲሉም እንዳልጠይቀው ከለከሉኝ። ዓይኑን የገለጠ ዕለት ፎቶ ላኩልኝ፤ ያን ፎቶ ያላሳየሁት ሰው የለም።

ገንዘብ ልስጥ ብል ያረጀ ለስላሳ ብርድ ልብስ ካለህ አምጣ አሉኝ። ፎጣ አይሆንም፤ ክሩ ጥፍራቸውን ይይዛል። እስቲ ይህን ማን ያስባል? አራት ይዤ ሄድኩ፤ ተጨማሪ ያላችሁ ስጧቸው።

ሲለቀቅ ግን ጠሩኝ። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ነው፤ በሩ ተከፍቶለት ምግብ ከሥር ይቀመጥለታል፤ ከፈለገ ተመልሶ ያድርበታል። ቀዳዳዋ ላይ ብዙ ቆየ፣ አፍንጫው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ወጣና በግንዱ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ቁልቁል ወረደ፤ የኋላ እግሮቹ ወደ ኋላ ዞረው ቅርፊቱን ቆንጥጠውታል። ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ሽቅብ ተመልሶ ቅጠሉ ውስጥ ጠፋ። ዞር ብሎም አላየኝ። እትዬ «ጎሽ» አሉ፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

እባካችሁ፣ የወደቀ ግልገል ስታገኙ እሳቸው ጋ ደውሉ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ጋ ደውሉ። የሚስቅባችሁ ቦታ አትሂዱ። ስማቸውንና ቁጥራቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ በሌሊት ሳይነግሯቸው በራቸው ላይ ካርቶን ጥለው የሚሄዱ ሰዎች አሉና። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በማንኛውም ሰዓት እመልሳለሁ። እስክመልስላችሁ ድረስ ምንም አታጠጡት፤ ደረታችሁ ላይ አድርጉትና ጠብቁኝ።