ለአነስተኛ ኔትወርክ የሚሆን የቻት ሰርቨር፦ ፕሮሶዲ፣ ሲናፕስ፣ ሮኬት ቻት ወይስ ኧርጎ?

ለአንድ ቢሮ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ሕንፃ ብቻ የሚያገለግል የቻት ሰርቨር ለማቆም ያሰቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ሶፍትዌሩ ሁሉ በነጻ የሚወርድ ከሆነ የቱም ቢመረጥ ምን ልዩነት ያመጣል የሚል ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከማውረዱ በኋላ በሚከተለው ወጪ ነው። ፈቃዱ ነጻ ቢሆንም ራሙ፣ ዲስኩ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር የሚያስነሣው ሰው ጊዜ ዋጋ አላቸው። በዚህ ሒሳብ ሲታይ፣ ተጠቃሚዎቹ ከመቶ ለማይበልጡ ኔትወርክ የእኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር ፕሮሶዲ ነው።

ፕሮሶዲ ሉዋ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ኤክስኤምፒፒ በተባለው ክፍት የመልእክት መለዋወጫ ደንብ (ፕሮቶኮል) የሚሠራ ሰርቨር ሲሆን፣ ለጥቂት ደርዘን ሰዎች የሚይዘው ራም በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። ስለዚህም 512 ሜጋባይት ራም ያለው፣ በ2021 በ15 ዶላር ለገበያ የቀረበው ራስቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር በሚገባ ይሸከመዋል። ማትሪክስ የተባለው ሌላ ፕሮቶኮል ሰርቨር የሆነው ሲናፕስ ግን በፓይተን ቋንቋ የተሠራ ነው፤ የራሱ መመሪያ ትልልቅ የሕዝብ ክፍሎችን ለሚቀላቀል ሰው ቢያንስ 1 ጊጋባይት ነጻ ራም ይጠይቃል፤ ከዳታቤዞችም (ከመረጃ ማከማቻ ፕሮግራሞች) ቀላሉን ኤስኪውላይትን ለሙከራ ትቶ ለእውነተኛ ሥራ ራሱን ችሎ የሚሠራውን ፖስትግሬስኪውኤልን ያዛል። ይህ ማለት አንድ ሰርቨር ፈልጎ የመጣ ሰው ዳታቤዝም አብሮ ሊያስተዳድር ነው ማለት ነው። ፕሮሶዲ ሌላ ካልታዘዘ በቀር መረጃውን በተራ ፋይሎች ስለሚያስቀምጥ፣ ባክአፕ ማለት አንድ ፎልደር መቅዳት ብቻ ነው፤ ከብልሽት በኋላም ያንኑ ፎልደር ከነቅንብር ፋይሉ ወደ ሌላ ማሽን መመለስ ይበቃል።

ሮኬት ቻት መልኩ ያማረ፣ ለተጠቃሚውም የቀለለ ነው፤ ብዙዎችም በመልኩ ይሳባሉ። ነገር ግን ሞንጎዲቢ ያለተባለው ዳታቤዝ አይሠራም፤ ሞንጎዲቢ ደግሞ ከ5.0 ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ኤቪኤክስ የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ እንዲያውቅ ግድ ይላል። ገንዘብ ለመቆጠብ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ርካሾቹ የሴሌሮንና የፔንቲየም ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ኤቪኤክስ የላቸውም፤ ዳታቤዙም ሥራ እንደጀመረ «ሕገወጥ ትእዛዝ» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ይሞታል። ራስቤሪ ፓይ 4ም ቢሆን በይፋ ከሚደገፉት ውስጥ አይደለም። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አጠናቅሮ የጫነውን ቅጂ ማውረድ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። የባልደረቦቻችንን የግል ንግግር የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ ከማይታወቅ እጅ ሊመጣ አይገባም። ያው ጥንቃቄ ለሁሉም ኮንቴይነሮች (ሶፍትዌሩ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽጎ ለሚወርድባቸው ጥቅሎች) ይሠራል፤ በስሙ ከዋናው ጋር የሚመሳሰል፣ ግን ከዓመታት በፊት ተጭኖ የደኅንነት ማሻሻያ ያልደረሰው ቅጂ በብዛት ይገኛል።

በሃርድዌሩም በኩል አስመሳይ ዕቃ አለ። በላዩ 64 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት፣ በእውነት ግን የዚያን ሩብ እንኳ የማይዝ ሜሞሪ ካርድ መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ እውነተኛ መጠኑ ሲሞላ ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መረጃ ማጥፋት ይጀምራል። ኤፍ3 የተባለው ክፍት ምንጭ መሣሪያ ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ውሸቱን ያጋልጣል፤ ሰርቨሩ ከመጫኑ በፊት ለዚህ ጥቂት ሰዓት መስጠት ያዋጣል።

በቅለት ብቻ ከሆነ ኧርጎን የሚወዳደር የለም። «ጎ» (Go) በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ አይአርሲ የተባለው የቆየ የቻት ፕሮቶኮል ሰርቨር ሲሆን በአንድ ፋይል ይነሣል፤ የተጠቃሚ ምዝገባም የመልእክት ታሪክም በውስጡ አለው። ለእኛ ግን አንድ ከባድ እንከን አለበት። የአይአርሲ መልእክት ከነአድራሻውና ከነትእዛዙ ከ512 ባይት እንዳይበልጥ የተደነገገ ሲሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ መልእክት 170 ፊደል እንኳ ሳይሞላ ይቆረጣል ወይም ይከፈላል። ረጅም መልእክት የሚያስተላልፍ ማስፋፊያ ቢኖርም የሚደግፉት አፖች ጥቂት ናቸው።

ፕሮሶዲም የራሱ ጣጣ አለው፤ አብዛኛው ግን አስቀድሞ ላወቀው ሰው በአንድ መስመር ቅንብር የሚፈታ ነው። የመልእክት ማኅደሩ ካልተቀየረ ከአንድ ሳምንት በኋላ ይሰረዛል፤ የሚላክ ፋይልም ከ10 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት በሴርቲፊኬት (የሰርቨሩን ማንነት በሚያረጋግጠው ፋይል) በኩል ይመጣል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት የሚያወጣው ሴርቲፊኬት በነጻ ይሰጣል፣ ለ90 ቀን ይጸናል፤ ሲታደስ ግን ፕሮሶዲ አዲሱን ቁልፍ የማንበብ ፈቃድ ካልተሰጠው ወይም ቅንብሩን ዳግም እንዲያነብ ካልታዘዘ በአሮጌው ይቀጥላል፤ የአሮጌው ጊዜ ካለፈ በኋላም አዲስ ግንኙነት ለመክፈት የሚሞክር ሁሉ አይሳካለትም። እድሳቱንና ዳግም ማንበቡን በአንድ ስክሪፕት ማያያዝ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ኢንተርኔት በሌለበት ኔትወርክ ደግሞ የፕሮሶዲ ብልጫ ጎልቶ ይወጣል። ከአፕ መደብር የሚወርዱት የሮኬት ቻት አፖች ስልኩን የሚያስጮሁት በውጭ በሚገኝ የማሳወቂያ ሰርቨር በኩል ስለሆነ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ስልኩ ዝም ይላል። ኮንቨርሴሽንስ የተባለው የአንድሮይድ አፕ ግን ከፕሮሶዲ ጋር የራሱን ግንኙነት ክፍት አድርጎ ስለሚይዝ ያለ ኢንተርኔትም ይጮኻል። በጎግል ፕሌይ በገንዘብ ይሸጣል፣ በኤፍ-ድሮይድ የክፍት ምንጭ አፕ መደብር ግን በነጻ ይገኛል። አይፎን ላይ ይህ አይሆንም፤ አፑ ከጀርባ ሲሆን የአፕል ማሳወቂያ የግድ ነው።

ሲናፕስን የምመርጠው ማትሪክስን ከሚጠቀሙ ሌሎች ድርጅቶች ጋር መነጋገር የግድ ሲሆን ብቻ ነው። የሲናፕስ የሰርቨር ስም አንዴ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሊቀየር አይችልም፤ በፕሮሶዲም የእያንዳንዱ ሰው አድራሻ ከዶሜኑ (ከሰርቨሩ የኢንተርኔት ስም) ጋር ስለሚታሰር መቀየሩ አድካሚ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ከመመዝገቡ በፊት፣ ድርጅቱ ራሱ የያዘውና በየዓመቱ ማሳደስ የሚችለው ዶሜን ይመረጥ።