የእድራችን መጽሐፍ እንዴት ነው ለምትሉኝ

እድራችን በዓመቱ ያረፉ አባላቱን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ ማሳተም ጀምሯል። የዘንድሮው ሁለተኛው ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «እንዴት ነው? ለእኛ እድርም ይሆናል?» እያሉ የሚጠይቁኝ ስለበዙ ጥሩውንም ጎዶሎውንም እዚሁ ልጻፍላችሁ። ወድጄዋለሁ። እድር ያለው ሰው ሁሉ አይቶት ኮሚቴውን «እኛስ?» ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። የሚከነክነኝ ነገርም አለ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ እድሩ። ፒያሳ አካባቢ የተቋቋመ የድሮ እድር ነው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ። አንዱ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ አንዱ ምትክ ቤት ተሰጠው፣ አንዱ ከተማ ዳር ወጥቶ ተከራየ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ድሮ ማለዳ ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ከአልጋው ሆኖ ይሰማ ነበር። አሁን ጡሩምባው ቴሌግራም ነው። መልእክቱ ወዲያው ይደርሳል፤ ሰው ግን ሁልጊዜ አይደርስም። ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ ከሥራ አስፈቅዶ፣ በዚህ የትራንስፖርት ሰልፍ ቀብር ለመድረስ የሞከረ ያውቀዋል። አርባ ዓመት አጥር ለአጥር የኖሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን መሞት ከተቀበረ በኋላ የሚሰሙበት ጊዜ መጣ። መጽሐፉ የተወለደው ከዚህ ነው፣ ቢያንስ ለቅሶ ያልደረሰው ሰው ማን እንደሞተበት በደንብ እንዲያውቅ።

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንግዲህ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምራል። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ይቀጥላል። ከዚያ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ መደብ፣ ጡረታ። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይልና የልጅና የልጅ ልጅ ቁጥር ተነግሮ ያበቃል። ማንንም አልወቅስም። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ሲሰጡት ሌላ ምን ይጽፋል? ግን ስሙን ብትቀይሩት ለጎረቤቱም ይሆናል። በተለይ የሴቶቹ ያንገበግበኛል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈሩን ልጅ ስታበላ የኖረች እናት «የቤት እመቤት ነበሩ» ተብላ በአንድ መስመር ታልፋለች። ባሏ የመምሪያ ኃላፊ ስለነበረ ለእሱ ሁለት ገጽ ይነበባል።

ይሄ መጽሐፍ በዚህ በኩል ነው የበለጠብኝ። ለሁሉም እኩል አራት ገጽ ነው የሚሰጠው። ሊቀመንበርም ሆነ ጉልት ቸርቻሪ አራት ገጽ። የሚሰበስቡት የአባላት ልጆች የሆኑ ወጣቶች ናቸው፣ አንዷ ጋዜጠኝነት የተማረች። ድንኳን ውስጥ ገብተው ማንንም አያስጨንቁም። አርባው ካለፈ በኋላ ደውለው፣ ቀን ተቀጣጥረው ነው የሚመጡት። ስልካቸውን አስቀምጠው ይቀዳሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁትም የትውልድ ዘመን አይደለም። «ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር? ማን ቤት ቡና ይጠጡ ነበር? ምን ያናድዳቸው ነበር?» ይላሉ። ከቤተሰቡ ሌላ ሦስት ሰው የግድ ያናግራሉ፤ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ባለሱቅ፣ የንስሐ አባት፣ የተገኘውን። ጽፈው ሲጨርሱ ቤተሰቡ ያነበዋል። «ይሄ ይውጣ» ከተባለ ይወጣል።

ሌላ ሰው መጠየቅ ምን እንደሚጠቅም በአንድ ገጽ ላሳያችሁ። የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ የነበሩት እናት ገጽ ነው። የእድር ሳህንና ብርጭቆ ለቅሶ ቤት ሲገባ ከቤቱ ዕቃ ጋር እንደሚደባለቅ ታውቃላችሁ። እሳቸው እያንዳንዱ ሳህን ሥር፣ እያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ጫፍ ላይ ቀይ ኩቴክስ ጠብ አድርገውበታል። ድንኳን ሊነሳ ሲል በርጩማቸውን ይዘው ጓሮ ይቀመጡና ሳህኑን አንድ በአንድ እየገለበጡ ነጥቧን ያያሉ። እስከዚህ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ ሳህን አቀብያቸዋለሁ። የማናውቀውን የተናገረው ባለሱቁ ነው። ማንኪያ ሲጎድል ሐዘንተኛውን ቤት አይጠይቁም ነበር። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ማንኪያ አይጠየቅም» ብለው ከራሳቸው ኪስ ይገዙና ኩቴክሱን ቀብተው ይጨምሩታል። ባለሱቁ ለዓመታት ሸጦላቸዋል። ልጆቻቸው ይሄን አያውቁም ነበር። ቀብራቸው ላይ በተነበበው ወረቀት ደግሞ «በእድር ሥራ ንቁ ተሳታፊ ነበሩ» ነው የተባለው።

ደግሞ ሰውን መልአክ አለማድረጋቸውን ወድጄዋለሁ። የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩ ጋሼ አሉ። ተማሪ ሲሮጥ በመስታወት ካዩ ፌርማታው ላይ ይጠብቁ እንደነበር ተጽፏል። ኳሳችን ግቢያቸው ከገባ ግን በቢላዋ ቀደው እንደሚመልሱልንም ተጽፏል! ሁለቱም እውነት ነው፣ ምስክር ነኝ። ልጃቸው ስታነበው «ይሄማ አባዬ ነው» ብላ አንዲት ቃል ሳታስወጣ ፈረመች። ያንን ገጽ ሳነብ ድምፃቸው ነው የመጣብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የአንዲት እማማ ገጽ ነው። የበኩር ልጃቸው በ1970 በቀይ ሽብር ነው የተገደለው። ያኔ የተገደለበት ቤት ማልቀስም ጥቁር መልበስም ተከልክሎ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳል። ድንኳን አልተተከለ፣ እድር አልወጣ። እማማ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እንጀራ በየቀኑ መጋገር ጀመሩ። ማድ ቤት ገብተው እሳቱ አጠገብ ያለቅሳሉ፣ ሰው ከመጣ «ጭሱ ነው» ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው ነገሩ ገብቷቸው ተራ በተራ «እንጀራ ልጋግር» እያሉ እየመጡ አብረዋቸው ያለቅሱ ነበር። ያንን ለቅሶ ነው መጽሐፉ የመዘገበው፣ ከተረፉት ጎረቤቶች አንዷ እንደተናገሩት። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ሲከፈት እማማ ሄደው እንደነበርም ይነግረናል። ያ ግድግዳ ሙሉ የወጣት ፎቶ ነው። አንዱ ፎቶ ሥር ቆመው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ጮኸው አለቀሱ። እኔ እሳቸውን የማውቃቸው ዝም ያሉ፣ በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ አሮጊት አድርጌ ነበር። አጠገባችን ተሸክመውት የኖሩትን ነገር በሞቱ በዓመታቸው አወቅሁት።

መጨረሻው ላይ ዘንድሮ የተጨመረ ክፍል አለ፤ በ2012 እና በ2013 በኮሮና ጊዜ ያረፉ አባላት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጥቶ መሰብሰብ ሲከለከል እነዚህ ሰዎች ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቅሶ ደራሽ ነው የተሸኙት። እድር አባሉን አስክሬን ተከትሎ መሸኘት ካልቻለ ምኑን እድር ነው ተብሎ ያኔ ብዙ ሽማግሌ ተክዟል። ይሄ ክፍል አጭር ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። ግን መዘግየቱን ሳይሆን መደረጉን አያለሁ። ቤተሰቦቻቸው በጉባኤው ቀን ስማቸው ሲነበብ ተነስተው ቆሙ፣ ጎረቤቱም እየዞረ «እግዜር ያጽናችሁ» አላቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቀረ እዳ ነበር።

አሁን ወደ ጎዶሎው።

አምና የታተመው ላይ ማተሚያ ቤቱ በየገጹ አናት መስቀል አድርጎ ነበር፣ የሙስሊም አባላት ገጽ ላይ ጭምር። ሳይጠይቁ የሠሩት ነው። ኮሚቴው ቤት ለቤት ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል፣ ዘንድሮ ማተሚያ ቤቱንም ቀይሯል። አሁን ቤተሰብ ይጠየቃል። ገጹ «ነፍስ ይማር» ይበል ወይስ «አላህ ይዘንላቸው»፣ ፎቶ ይኑረው ወይስ አይኑረው፣ እነሱ ይወስናሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋ ቀብሩ ቶሎ ስለሆነ መቃብር ላይ የሕይወት ታሪክ ማንበቡ ብዙም አልተለመደም፤ ስለዚህ ለእነሱ ቤተሰብ ይሄ መጽሐፍ ስለ ሟቹ የተጻፈ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ዘንድሮ አንዱ ገጽ ፎቶ የለውም፤ በፎቶው ቦታ ሟቹ በእጃቸው የጻፉት የሱቅ የዱቤ ደብተር አንድ ቅጠል ገብቷል። በጣም ነው ያማረኝ።

ፎቶዎቹ በአጠቃላይ ደካማ ናቸው። አብዛኛው ከቀበሌ መታወቂያ የተወሰደ ጉርድ ፎቶ ተጎትቶ የተተለቀ ነው፣ ፊቱ ይደበዝዛል። አንዳንዱን ደግሞ በኮምፒውተር አስውበውት ሰውየው ሌላ ሰው መስሏል። ፊደሉም ትንሽ ነው። ይሄን መጽሐፍ በዋናነት የሚያነቡት መነጽር ያላቸው እናቶችና አባቶች ናቸው፣ ትንሽ ይተለቅ። የአንዱ ሰው ዕድሜ ከገጽ ገጽ ይለያያል፣ አራሚ ያስፈልጋል። ሁለት ቤተሰቦች ደግሞ ወጣቶቹ የጻፉትን አስወጥተው የለመድነውን ወረቀት አስገብተዋል። መብታቸው ነው። ግን እነዚያ ገጾች ከሌሎቹ አጠገብ ሲነበቡ ሟቾቹ ርቀው ይቀራሉ።

የሚከነክነኝ ያልኳችሁ ደግሞ ይሄ ነው። መጽሐፉ የእድር አባል ያልሆነን አያካትትም። ሰፈራችን እኮ የአባላት ብቻ አልነበረም። በየግቢው ደባል ነበረ፣ ተከራይ ነበረ፣ የቀን ሠራተኛ ነበረ፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። መዋጮ መክፈል ያልቻለ፣ ወይም ነገ ከነገ ወዲያ አገሬ እገባለሁ እያለ ሳይመዘገብ የኖረ ሰው። ለድንኳኑ ሁልጊዜ እንጨት የሚሸከምልን ልጅ ነበር፣ ከደቡብ የመጣ። ክረምት ላይ ሞተ። አስክሬኑን አዋጥተን ወደ አገሩ ላክነው፣ ያንን አድርገናል። መጽሐፉ ውስጥ ግን የለም። የእድሩን ድንኳን ከማንኛችንም በላይ የተሸከመ ልጅ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ «አባል» ይላል፣ ይገባኛል፤ ገንዘቡ የአባላት ስለሆነ። ለእነዚህ ሰዎች አራት ገጽ ባይቻል አንድ አንድ ገጽ ለመጨመር ግን ወረቀቱን እኔም አወጣለሁ፣ ሌላም የሚያወጣ አይጠፋም። ለኮሚቴው በጽሑፍ አስገብቻለሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ ይሁን ብያለሁ፣ የፈረሙልኝም አሉ።

ስለ ዋጋው፦ ለእያንዳንዱ አባል ቤት አንድ ቅጂ በነፃ ነው፣ ከእድሩ ተቀማጭ ነው የሚከፈለው። ተጨማሪ ለሚፈልግ 150 ብር። ሽፋኑ ጠንካራ አይደለም፣ ጥራዙ ግን በክር ስለሆነ ገጹ አይነቀልም። ውጭ አገር ላላችሁ ፒዲኤፉ በእድሩ ቴሌግራም ይላካል። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አንብባ ጠዋት ደውላ የኩቴክሷን ነገር እያነሳች አለቀሰች። ቀብር ላልደረሰ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እናንተም ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ሰው እስኪሞት አትጠብቁ። የእኛዎቹ አሁን ሰማንያ ያለፋቸውን አባላት ራሳቸውን እያናገሩ ነው፣ ፎቶም በደህና ካሜራ እያነሱ። መጠየቂያ ቅጹን ለሚፈልግ እድር በነፃ ይሰጣሉ። ቅጹ ሁለት ገጽ ነው፤ የትውልድ ዘመን የሚለው የመጨረሻው ላይ ነው ያለው።